የተዝካሩ መኪናና የክረምት ጎማው

አራት ነበርን። መጀመሪያ እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚነግዱ፣ የሟቹ የአቶ ማሞ ባለቤት። ቀጥሎ መምህር አየለ፤ ቀየት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ። ሦስተኛው ሾፌሩ ጌታነህ ነው። አራተኛው እኔ በቀለ ነኝ፤ እዚያው ቀየት ገበያው ዳር ሱቅ ነበረኝ። ወታደራዊው መንግሥት ወድቆ መንገዱ ሰላም በሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራታችን ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛን። በመንዝ ውስጥ በቀየትና በራቤል መካከል ገበያተኛ ታመላልስ ነበር።

ከአራታችን እትዬ ደብሪቱ ባለፈው ወር አረፉ። ደውሎ የነገረኝ ጌታነህ ነው። «እትዬ ሄዱ» አለኝ። የት እንደተቀበሩ፣ ለቀብሩም ማን ማን እንደመጣ ጠየቅኩት። ስልኩን ስዘጋ ልጆቼ ፊቴን አይተው ምን ሆነህ ነው አሉኝ። የማታውቋቸው አንዲት ሴት ሞተው ነው አልኳቸው። ታናሺቱ ዘመዳችን ናቸው ወይ አለች። ዘመዳችን አይደሉም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ስኳርና ጨው ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ጥብቅ ይሆናል፤ ያገኛትን ጥቂት ነገር እንዳትፈስበት አጥብቆ ይይዛታል። በቤታችን የተባለው ይፈጸማል፣ የተከለከለው አይነካም። ሕግ ያፈረሰን ሰው ለልጆቼ ምሳሌ አድርጌ የማቀርብ አባት አይደለሁም። ስለ እትዬ ደብሪቱ የምጽፈው ይህንን ሁሉ እያወቅኩ ነው።

አጭር ነበሩ፤ ትከሻቸው ግን የወንድ ነው። ከእጃቸው እንዝርት አይለይም። ሲነግዱም ሲሟገቱም ሱፍ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ሰው ቀረብ ብሎ ያጫውታቸዋል፤ ፈጥኖ መዞር ሲጀምር ጠባያቸውን የሚያውቅ ሰው ንግግሩን ያሳጥራል። መኪናዋ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የታረሰበትን በሬ ታፋ እንደሚመታ ገበሬ ጎኗን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉና «ነይ እስቲ» ይሏታል። ከዚያ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሙሉ ሒሳብ ይከፍላሉ። ጌታነህ አልቀበልም ሲል ብሩን በመስኮት ይወረውሩለታል። «የራሴን መኪና ብሰርቅ ማን ይመሰክርብኛል?» ይሉ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ በነጻ ነበር የምሄደው፤ ይህንን ከሰማሁ ወዲህ መክፈል ጀመርኩ። መምህር አየለ አልጀመረም።

የመኪናው ድርሻቸው በምን እንደተገዛ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አቶ ማሞ የሞቱት በነሐሴ ነው። ሱፍ ሊገዙ ራቤል ሄደው ሳለ ሆዳቸውን ታመሙ። ከቀየት ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ጠጠር ስለሆነ በክረምትም መኪና አያጣም። ከራቤል እስከ ቀየት ያለው ግን መረሬ ነው፤ ዝናብ የጠጣ ቀን ጥቁር ሊጥ ይሆናል። በክረምት በዚያ መንገድ መኪና ይሄዳል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ስለዚህ የራቤል ሰዎች አቶ ማሞን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቀየት ተነሡ። ወሬው ለእትዬ ደብሪቱ ሲደርሳቸው እሳቸውም ከቀየት በእግራቸው ወጡ። የተገናኙት ጓሳ ከሚባለው አምባ ዳር ነው። ሲደርሱ ሰዎቹ ቃሬዛውን መሬት ላይ አውርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት በአርባው ቀን ተዝካር ታወጣለች። ጠላ ይጠመቃል፣ በግ ይታረዳል፣ አገር ይበላል። ያልቻለ እንኳ ተበድሮ ይደግሳል። እትዬ ደብሪቱ ለካህናቱ ከፍለው ፍትሐቱን አስደረጉ፤ ለድኻም ዳቦ አበሉ። ድግሱን ግን ተዉት። ለተዝካሩ የተባሉትን በጎች ሸጡና ብሩን በመቀነታቸው ቋጥረው ወደ ሱቄ መጡ። ያን ጊዜ እኔ፣ መምህር አየለና ጌታነህ መኪና ልንገዛ ስንመክር አራተኛ ሰው አጥተን ነበር።

ብሩን ለመቀበል እጄ ፈራ። ይህ የሙት ገንዘብ ነው፣ በማሞ ነፍስ አይጫወቱ አልኳቸው። ያን ቀን እንዝርት አልያዙም ነበር።

«ማሞ የሞተው ጠላ አጥቶ አይደለም፣ መንገድ አጥቶ ነው» አሉኝ። «ሁለተኛ በዚያ መንገድ በክረምት ሰው በቃሬዛ እንዳይመጣ ነው የምገባው። አሁን ቁጠረው።»

ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲያ የሰው አፍ ተከፈተባቸው። ባሏን በሞተር ዘከረች ተባለ። መኪናዋም ስም ወጣላት፤ ተዝካር ተባለች። ገበያ ሲወጣ ገበሬው ጌታነህን «ከማሞ ተዝካር ላይ ቦታ ይኖራል?» ይለዋል። ጌታነህም «ለተጋበዘ ሁሉ ይኖራል፣ ግን ይከፍላል» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ እትዬ ደብሪቱ ይህንን ሲሰሙ እንዝርቱ ይበር ነበር። ኋላ ግን ራሳቸው ለመዱትና፣ ዘግይቶ የመጣውን ተሳፋሪ «ተዝካሩ ዛሬ ጠግቧል፣ ነገ ተመለስ» እያሉ ይመልሱት ጀመር። ቀልድ ያልሆነው ነገር ሌላ ነው። የነፍስ አባታቸው እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ቤታቸውን ሳይረግጡ ቀሩ። ለአንዲት የመንዝ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም።

የመጀመሪያውን ክረምት መኪናዋ ሞተሯ ተበላሽቶ ጋራዥ አሳለፈችው። ሁለተኛው ሲመጣ ነው ጥያቄው የተነሣው፤ የክረምት ጎማ እንግዛ ወይስ አንግዛ?

በግንቦት መጨረሻ አራታችን ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን። ያለን ጎማ የበጋ ነው፤ ጥርሱ ለስላሳ፣ ለደረቅ መንገድ የሚሆን። ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለ የጭቃ ጎማ አዲስ አበባ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ያማል። መምህር አየለ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ማስላት ጀመረ። ጭቃው የሚቆየው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ነው። የቀረው ጊዜ አገሩ ደረቅ ነው። ያ ጥርሳም ጎማ ደረቅ ጠጠር ላይ ከዋለ እንደዚህ ጠመኔ ያልቃል አለ፤ እየሰበረም አሳየን። በየክረምቱ አውልቆ በየበጋው መቀየር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በክረምት ገበሬው እርሻ ላይ ስለሆነ ተሳፋሪም የለም። ስለዚህ መኪናዋ ክረምቱን ትቁም አለ።

«ለሦስት ወር ብሎ አራት ጎማ የሚገዛ ሰው» አለ አየለ፣ «ለአንድ ሠርግ ብሎ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ይፈትላሉ። «አየለ፣ በሽታ ሐምሌን ይዘላል?» አሉት።

«አይዘልም፣ እትዬ። እኛ ግን ነጋዴ ነን እንጂ ሐኪም ቤት አይደለንም።»

«እናንተ ነጋዴ ናችሁ። እኔ ለምን እንደገባሁ በቀለን ጠይቀው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የገቡት ለንግድ እንዳልሆነ መሰከርኩ። ሒሳቡ ግን የአየለ ልክ ነው አልኩ። ዛሬም ብትጠይቁኝ ልክ ነበር እላለሁ፤ አንድ ቁጥር አልተሳሳተም። ጌታነህ መሐል ላይ ቆመ። የጭቃ ጎማ ከገባበት እንደሚያወጣ ተናገረ፤ ክንፍ የለውም እንጂ ሲል ግን አከለበት። እትዬ ደብሪቱ እንግዲያው አራቱንም ጎማ ብቻዬን ልግዛ አሉ። ይህንን እኔ ነኝ የተቃወምኩ። የጋራ መኪና የአንድ ሰው ጫማ አድርጎ መሄድ የለበትም፤ ነገ አንዱ ጎማ ሲቀደድ ማን ቀደደው የሚል ጠብ ይነሣል። አየለም ይህንን ደገፈ። ለምን እንደተገዛች የምናውቃት መኪና ክረምቱን ቆማ ልታሳልፍ ሆነ ማለት ነው። እንዝርቱ ፈጥኖ መዞር ጀመረ።

መላ ያመጣው ጌታነህ ነው። ለዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን አስቸገራችሁ፣ ጓሳ አለ አይደለም ወይ አለ።

ጓሳ በእኛ ዘንድ የሣሩም ስም ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበትም የሰፊው አምባ ስም ነው። ቤታችንን የምንከድነው በዚያ ሣር ነው። ገመዳችን ከእሱ ይገመዳል፤ በድርቅ ዘመን ከብታችን የሚተርፈው በእሱ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እስር እስሩን ከጎማው ሥር መጎዝጎዝም ያየነው ነገር ነው። አምባው ግን ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈተው አገሩ ተስማምቶ ሲወስን ነው። ተዘግቶ ሳለ ከብት ያስገባ ወይም ሣር ያጨደ ሰው ይቀጣል። በዚያ ዓመት ዝግ ነበር። ቢሆንም ቤቱን ያደሰ ሰው አሮጌውን ክዳን ይሸጣል፤ ያንን ብንገዛ ከሕግ ጋር አንጣላም። ሁላችንም ሸክም የቀለለን መሰለን። አየለ እንኳ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ጎማ ካልሆነ ሣርም ይሁን» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «መሄዷን ብቻ።»

ይህን ዓይነት ስህተት የሚሳሳተው የመንዝ ሰው ብቻ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ያለበሰንና ያስጠለለን ሣር ስለሆነ፣ የማይሆነው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ጎማም ይሆናል ብለን አመንን።

እውነትም በሐምሌ ሆነ። ጌታነህ አሮጌ ክዳን በእስር በእስሩ እየጫነ ይወጣል፤ በሰመጠበት ሁሉ ይጎዘጉዛል፤ ተሳፋሪው ይገፋል፤ መኪናዋ ትወጣለች። አንዲት ወላድ ከራቤል አመጣ። እጁን መጥረቢያ የቆረጠው ሽማግሌም አመጣ። እትዬ ደብሪቱ ያን ሰሞን እንዝርታቸውን ቀስ አድርገው እያዞሩ ገበያ መሐል ይታዩ ነበር። ነገር ግን መንገዱ በሄድን ቁጥር ሣሩን ይውጠዋል፤ አንዴ የገባው ተመልሶ አይወጣም። ነሐሴ ሲገባ የሚሸጥ ክዳን ጠፋ። ዝናብ እየዘነበ ጣራውን የሚያፈርስ ማን ነው?

እኔ በዚያ ሰሞን ጨውና ሳሙና ላደርስ ከመኪናዋ ጋር ራቤል ሄጄ ነበር። እትዬ ደብሪቱም ባና ገዝተው ይመለሱ ነበር። በጠዋት ልንነሣ ስንል አንድ ሰው ወንድሙን በበቅሎ ደግፎ አመጣ። ታማሚው ተፈራ የሚባል፣ ገና ትዳር የያዘ ገበሬ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ የቀመሰው ነገር ሁሉ ይመለሳል። እትዬ ደብሪቱ አንድ ጊዜ ሆዱን አዩና ፊታቸውን ወደ ጌታነህ አዞሩ። ጌታነህ የቀረን ሣር ጥቂት ነው አለ። «ጥቂት ካለ እንሂድ» አሉት፤ የባለቤታቸው ሕመም መሆኑን እንዳወቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ታማሚውን ከጋቢናው አስገቡት፤ እሳቸው ከእኛ ጋር ከኋላ ወጡ።

ጉሙ ከመንገዱ ላይ አልተነሣም ነበር። አንድ ጊዜ ሰመጥን፣ ወጣን። ደግመን ሰመጥን፣ የመጨረሻው እስር አለቀ፣ ወጣን። መንገዱ የጓሳን ዳር ይዞ በሚያልፍበት ቦታ ግን ጎማው ባዶውን ዞሮ ዞሮ መኪናዋ በሆዷ ተኛች። ሁላችንም ወረድን። ድንጋይ ፈልገን ከተትን፤ ጭቃው ዋጠው። ሰዎች ገፉ፤ ጎማው እየተሽከረከረ ፊታቸውን ጭቃ ቀባቸው። ጋቢናው ውስጥ ተፈራ ማቃሰቱን ትቶ ዝም አለ። ወንድሙ በመስኮት እየደጋገመ ይጠራዋል።

ከመንገዱ ዳር፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት ላይ ጓሳው ቆሟል። ለዓመታት ያልታጨደ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉሙ ያረጠበው። ሁሉም ሰው ያየዋል። አንድ ጊዜ አይቶ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

እትዬ ደብሪቱ መጀመሪያ ያወረዱት ባናቸውን ነው። ለሽያጭ ከገዙት ሁለቱን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አነጠፉ። ጌታነህ ሞተሩን ሲያስነሣ ጎማው ባናዎቹን ስቦ ቦጫጨቃቸውና ከኋላው ተፋቸው። ከዚያ ቀና ብለው ማጭድ ያለው ሰው አለ ወይ አሉ። ከተፈራ ወንድም አጠገብ የቆመ ሰው ብብቱ ውስጥ ማጭድ ነበረው፤ እጀታው ይታያል። ጓሳ የሚጠብቁት የራሱ አጎቶች ናቸውና ክንዱን አጥብቆ ያዘ። እሳቸው ሄደው ከብብቱ መዘዙት፤ እሱም ሰጠ እንዳይባል ትንሽ ታገለና ለቀቀ።

«እትዬ፣ ዝግ እኮ ነው» አልኳቸው። መከልከል ስላለብኝ ከለከልኳቸው።

«ዝግ መሆኑን አውቃለሁ። ሲዘጋም እጄን አውጥቻለሁ።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ በየምክንያቱ ካጨደው ምን ይተርፋል?»

«ልክ ነህ በቀለ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «እኔ አጭጄ እቀጣለሁ። ይህ ልጅ ከሞተ ግን የሚቀጣልኝ የለም።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ገቡበት። እንደ ገብስ አጫጅ ጎንበስ ብለው እፍኝ እፍኙን እየያዙ ያጭዳሉ። ወንዶቹ ቆመን እናያለን። አንድም ሰው ሊያግዛቸው ማጭድ አልጠየቀም። በመጨረሻ አንዱ ቀልደኛ፣ ማጨድ የተከለከለ ነው እንጂ መሸከም የተከለከለ ነው ሲባል አልሰማሁም አለና አንድ እቅፍ አነሣ። ያን ጊዜ ሌሎቹም ተንቀሳቀሱ፤ እኔም ተሸከምኩ። ከአራቱም ጎማዎች ሥር እርጥቡን ሣር ጠቀጠቅን። ጌታነህ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ እንደ ሰከረ ሰው ተወዛውዛ ወጣች። ለቀጣዩም ጉድጓድ እንዲሆን ሌላ ጨምረው አጭደው ጫኑ።

ሰው ሁሉ ተሳፈረ። እሳቸው አልወጡም። ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጌታነህ በመስኮት ይውጡ እንጂ አላቸው። ሂድ አሉት፤ ጠባቂው መጥቶ የታጨደውን አይቶ አጫጁን ሲያጣ፣ ምስኪን የመንደር ሰው ላይ ይጭነዋል አሉ። ጌታነህ እኔን አየኝ። ብቻቸውን ልተዋቸው አልሆነልኝም፤ ወረድኩ። መኪናዋ ቀለል ብላ ሄደች፣ ጉሙም ዋጣት።

ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ለማጽናናት ይመስለኛል፣ የዛሬው ሥራዎ ከተዝካር ይበልጣል አልኳቸው። ደስ አላላቸውም።

«እንዲያ አትበል» አሉኝ። «አንተ ድፍረት ይመስልሃል። ማሞ በሕልሜ እየመጣ ጠላ ይጠይቀኛል። ባዶ ዋንጫ ይዞ ይቆማል። ምን ልበለው? መኪና ገዝቼልሃለሁ ልበለው? ማሞ መኪና አይወድም ነበር፤ ያጥወለውለዋል።»

ሳቅ መጣብኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ታች፣ ከመንገዱ በታች ወዳለው ሜዳ አመለከቱኝ። ቃሬዛው የወረደው እዚያ ነው አሉ። የነፍስ አባታቸውን ያህል ሰው ፊት ያዞረባቸውን ነገር ሲያደርጉ ልባቸው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። ለካ በየቀኑ እየፈሩ ነበር የኖሩት። ለልጆቼ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ሆኖ የሠራ ሰው ብዙም አልደከመም።

ጠባቂው አቶ ሸዋንግዛው በፈረስ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያዩት የታጨደውን ቦታ ነው፣ ቀጥሎ ጭቃውን፣ ቀጥሎ እኛን።

«ማን ነው ያጨደው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ማጭዱንም አስረከቧቸው።

አቶ ሸዋንግዛው ከፈረስ ወርደው የታጨደውን በዘንጋቸው ለኩ። ጨርሰው ሊመለሱ ሲሉ እትዬ ደብሪቱ ተነሥተው ከጉብታው ማዶ አሳዩዋቸው። «እዚያም አለ፤ አላዩትም። ለመንገድ ስንቅ ያጨድኩት ነው።» ሰውየው ያንንም ለኩ። ከዚያ ፈረሱን ስበው አመጡና እትዬን ይውጡ አሏቸው። እኔና እሳቸው በእግራችን ተከተልን። መንገድ ላይ ለምን እንደታጨደ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ታማሚው ከማን ወገን እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እሷስ ታውቀዋለች ወይ አሉ። አያውቁትም አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተቀመጡ። ያን ጊዜ የተፈራ ወሬ ደርሶ ነበር፤ አንጀቱ ተጠምዝዞ ኖሮ ሆስፒታል እንደደረሰ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድኗል፣ ትንሽ ቢዘገይ አይተርፍም ነበር ተብሏል። ይህንን የሰማ ሰው እትዬ ደብሪቱን ሽማግሌዎቹ ይምሯቸዋል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ምሕረት አልጠየቁም። ቅጣቱን ንገሩኝና ልሂድ፣ ሱፍ እያጠብኩ ነው አሉ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሣሩ የት ገባ ብለው ጠየቁ። ከመኪና ሥር ተባለ። መኪናዋ የማን ናት? የአራት ሰው ተባለ። እንግዲያው አራቱም ይቅረቡ አሉ። መምህር አየለ በዚያ ቀን ቤቴ ተኝቼ ነበር ብሎ ተቃወመ፤ እሱ ሣር አላጨደም፣ አልተሸከመም፣ አላየም።

«በሬህ ዝግ ጓሳ ገብቶ ቢበላ፣ ቤቴ ተኝቼ ነበር ትለናለህ?» አሉት ሽማግሌው። «የበላችው መኪናዋ ናት። ጌታዋ ይከፍላል። አራት ጌታ ካላት አራቱም ይከፍላሉ።»

እትዬ ደብሪቱ ያን ጊዜ ነው ደማቸው የፈላው። ያጨድኩት እኔ፣ የምቀጣውም እኔ ብቻ አሉ። «እነዚህ ልጆች አይነኩብኝ።»

አቶ ሸዋንግዛው መለሱላቸው። «ደብሪቱ፣ አንቺ ማጭዱ ነሽ። ማጭድ አይቀጣም። ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላቸው ከለሉ። ተሸካሚዎቹም አልቀሩም። ሽማግሌዎቹ መሸከምም ማጨድ ነው ብለው በየሰዉ አሥር ብር ጣሉ፤ ቀልደኛው ከሁሉም አስቀድሞ ከፈለ። ከሰው መሐል ቆመው ይሰሙ የነበሩት የነፍስ አባታቸው ወደ እትዬ ደብሪቱ መጥተው መስቀላቸውን አሳለሟቸው። እትዬ መስቀሉን ከሳሙ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም።

ስንመለስ መምህር አየለ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም መጣ። ሱቄ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ጠመኔውን አወጣ። በየክረምቱ እንደዚህ ከተቀጣን ጎማው ይረክሳል አለ። እትዬ ደብሪቱ እሰይ ልጄ አሉት። ጎማው በጥቅምት ተገዛ፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ማንም የማይፈልገው ወቅት ስለነበር ዋጋው ቀንሶ። አየለ የተናገረው ሁሉ ደረሰ። ጌታነህ መቀየሩ ሰልችቶት በበጋም ሲነዳበት ጥርሱ እንደ ጠመኔ አለቀ። እትዬ ደብሪቱ የፈለጉትም ደረሰ። መኪናዋ እስክትሸጥ ድረስ በዚያ መንገድ በክረምት በቃሬዛ የመጣ ሰው አልነበረም።

በእኔ ቤት ገንዘብ የወጣበት ነገር ሁሉ ይደመራል፤ ልጆቼንም ያስለመድኳቸው ይህንኑ ነው። ይህንንም በዚያው ሥርዓት እደምረዋለሁ። አራት ጎማ ከነማምጫው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ብር። ጌቶቹ ለዝግ ጓሳ የከፈልነው ቅጣት አራት መቶ። ለአራታችን ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ስምንት መቶ ሃያ ብር ደረሰብን። ሰባቱ ተሸካሚዎች፣ እኔ አንደኛው ሆኜ፣ ሰባ ብር። የተፈራ ወንድም ለሕክምናው የሸጠው በሬ አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር። ጭቃ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ባናዎች እትዬ ደብሪቱ እስኪሞቱ ድረስ አላስቆጠሩም፤ እኔ ዋጋቸውን አውቃለሁና በመቶ ሃያ ብር አስገባኋቸው። የሁላችንም ወጪ አራት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ብር ሆነ።